ስላላየሁት ወሽመጥ

በጋዜጣ ዓምድ ሰው ስወርፍ ሀያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ አንድ ቦታ ከመጻፍ በፊት ቦታውን ማየት ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ ግን ባጠገቤ ዝር ብሎ አያውቅም።

ወሽመጡ በመርከብ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ደሴት ጀርባ ነው። የእህቴ ባል የባሕር ቀያሽ ነውና ጥልቀቱን ለክቶ፣ እዚያ የጀልባ ማረፊያ መሥራት እንደማይቻል ሪፖርት አቀረበ። እኔ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ ውሃው ላይ የተበተኑ አሥራ ሰባት ትንንሽ መስቀሎች ቆጠርኩ። የጀልባ ማሰሪያ ቦታዎች መሰሉኝ። አሥራ ሰባት ጀልባ የሚያስተናግድ ወሽመጥ እያለ አንድ ሰነፍ ባለሙያ የደሴቷን ሕዝብ ከዓለም ቆረጠው ብዬ ሙሉ ገጽ ለቀቅኩበት። ስሙን አልጠራሁም፤ ጨዋ ነኝ። የጠቀስኩት መሥሪያ ቤቱን፣ የሥራ መደቡንና ቢሮው ያለበትን ፎቅ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ከሥራ ታገደ፤ አጣሪ ኮሚቴም ተሰየመለት። እህቴ ቤቴ መጥታ ቆማ ተናገረች። ኮሚቴው ነገሩን የሚያየው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ከተባረረ ቀያሽ የሚቀጥር ሌላ መሥሪያ ቤት የለም።

«ሄደህ እየው፣ ጋሼ» አለችኝ። «አይተህም ያንኑ ከደገምክ፣ እኔ ወንድም የለኝም።»

ሄድኩ። ግን ለይቅርታ አልነበረም፤ ለሁለተኛው ጽሑፍ ማስረጃ ፍለጋ ነበር። ርዕሱን መርከቡ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ደሴቷ ላይ ወደ ወሽመጡ ልትወስደኝ የፈቀደች አንዲት ጠና ያለች ባለጀልባ ብቻ ተገኘች። መንገዱን ሙሉ ስለ ልማት አስረዳኋት። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ ከሞተሩ በላይ እጮኻለሁ፤ እሷ ባሕሩን ታያለች።

የደሴቷን ጫፍ ስንዞር ወሽመጡ ተገለጠ። ሦስት ጎኑ ጥቁር ገደል ነው፤ ከወፍ በቀር ነዋሪ የለውም። መሐሉ ላይ ውሃው የተኛ ይመስላል። ባለጀልባዋ ሞተሩን አቀዘቀዘችና ጀልባውን አቆመች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ካርታዬን አውጥቼ፣ መስቀሎቹን በጣቴ እየነካሁ፣ በገዛ ባሕሯ ላይ ጀልባ የት እንደሚታሰር አስተማርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ማዕበሉ ወደ ኋላ ተሳበ። ውሃው ሲጎድል፣ ከተኛው ባሕር ውስጥ የሾሉ አለቶች እዚህም እዚያም ብቅ አሉ። ስድስት ከቆጠርኩ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

«መስቀል ባለበት ሁሉ አለት አለ» አለችኝ። «ያ በስተግራ ያለው ወንድሜን ከነጀልባው በልቷል። ቀያሹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አራት ቀን እያስመለሰው ለካ። አንተ ግን ገና ሳትገባ ገርጥተሃል።»

የምልክቶቹ መፍቻ ካርታው ጥግ ላይ ተጽፎ ነበር። ካርታው ለጠረጴዛዬ ስለሰፋ ያንን ጥግ ወደ ኋላ አጥፌው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ፊት ስቆም በእጄ አሥራ አንድ ገጽ የእርምት ጽሑፍ ነበረኝ፤ ስምንቱ የካርታ አታሚዎችን የሚወቅስ ነው። የእህቴ ባል ፋይሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ሰብሳቢው አሳጥር አለኝ።

«ካርታ ማንበብ አልችልም» አልኩ።

ጸሐፊው ለቃለ ጉባኤው ሲል እንድደግመው ጠየቀኝ። በመጀመሪያውም ሰምቶኛል ብዬ እጠረጥራለሁ። ደገምኩት።

እገዳው በዚያው ቀን ተነሣ። ኮሪደሩ ላይ የእርምት ጽሑፌን ለእህቴ ባል ሰጠሁት። ቆሞ አነበበና እርሳሱን አውጥቶ አታሚዎቹን ሰረዘ፤ ቀጥሎ ስለ ትምህርት ሥርዓቱ ያልኩትን፤ ቀጥሎ ስለ እኔና ስለ እህቴ ልጅነት ያልኩትን። አንድ መስመር ብቻ ተረፈ፦ ስለ ወሽመጡ የጻፍኩት ስሕተት ነው፣ ቀያሹ ትክክል ነበር።

«ይኼ ይበቃል፣ ጋሼ» አለኝ።

ማታ አዘጋጁ ደወለ። አንድ መስመር ገጽ ስለማይሞላ በቀረው ቦታ ማስታወቂያ ላስገባ አለኝ። ጮኽኩበት። ስድቡ ሙሉ ገጽ ነበርና እርምቱም ሙሉ ገጽ ይወጣል፣ ባዶውም ባዶ ይሁን አልኩት። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀን አሸነፍኩ።