ሹሉ የተቆረጠ ስፖንጅ

ጥሩብርሃን የሙከራ ክፍሉን ስትከፍት ግድግዳው ራቁቱን ቀርቷል። ድምፅ ገብቶ እንዳይመለስ የፍራሽ ስፖንጅ እንደ ቀንድ እያሾለች ቆርጣ፣ ግድግዳና ጣሪያውን በገዛ እጇ ያለበሰችው እሷ ነበረች። ደብረ ማርቆስ የሚሸጥ ተራ ስፖንጅ ከውጭ የሚመጣውን ይተካል የሚለው የመመረቂያ ጽሑፏ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ስፖንጁ ምን ያህል ድምፅ እንደሚውጥ በኮምፒውተር የሠራችው ሞዴል ነግሯታል፤ የቀራት ማይክሮፎን አስገብቶ እውነት መሆኑን መለካት ብቻ ነበር። ፈታኙ ደግሞ ሰኞ ከአዲስ አበባ ይመጣል።

"ጋሽ አበረ! ስፖንጄ የት ገባ?"

የንብረት ክፍሉ ጋሽ አበረ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ አሉ። "አዳራሽ ነዋ፣ ልጄ። ትናንት ለምረቃው እንግዶች መቀመጫው ቆረቆረ ተብሎ ዶክተር አካለ ወልድ አዘዙኝ። ሹሉ ለመቀመጥ አልመች ቢላቸው አስቆረጡኝና አስተካከልሁት።"

ሹሉን! ድምፁን የሚበላው እኮ ሹሉ ነው! ደሟ ፈላ። አንድ ሰው እንኳ "የማን ነው?" ብሎ አልጠየቀም። ለእነሱ ቂጥ ከተመቸው ጭንቅላት ቢቀር ምን ገዷቸው!

እየበረረች አማካሪዋ ዶክተር አካለ ወልድ ቢሮ ገባች። እሳቸው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

"ለስፖንጅ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ሞዴልሽ አለ አይደል? የእሱን ግራፍ ትንሽ አወላግጂና 'ተለካ' ብለሽ አቅርቢው። ማን ያውቅብሻል?"

"እኔ አውቃለሁ!"

"እንግዲያው በቀረው ለክተሽ ውደቂ።"

በሩን አላትማ ወጣች። ጥርሷን ነክሳ የተጎመደውን ከየወንበሩ ለቀመች፣ መልሳ ለጠፈች፣ ለካች። ድምፁ ከግድግዳው እየተላተመ ይመለሳል። ሞዴሉ ሌላ፣ ልኩ ሌላ። ቢሆንም አንዲት ቁጥር ሳትነካ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

ሰኞ ፈታኙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ግራፎቹን አዩ። "ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ?"

ዶክተር አካለ ወልድ ቀደሟት። "እንግዲህ ተማሪ አይደለች፤ በደንብ አልለጠፈችው ይሆናል።"

ጥሩብርሃን ወደ ፈታኙ ሳይሆን ወደ አማካሪዋ ዞረች።

"በደንብ ለጥፌዋለሁ፣ ዶክተር። ሹሉን አስቆርጠው በደንብ የተቀመጡበት እርስዎ ነዎት።"