ሲስተር የመረጠችው ኳስ

በማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የኳስ ቡድን ውስጥ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው በረኛው ነበር። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የዕለት ሥራው መጽሐፍ መጠረዝ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ጎል ውስጥ ይቆማል። ጓደኞቹ «ግድግዳ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ድሮ፣ ጎል አላስገባ ብሎ ሰው ባስመረረበት ጊዜ ነው። አሁን አሁን ግን ግድግዳው መስኮት በዝቶበታል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ምን ያድርግ፣ ውሸት የለበትም።

የሚጫወቱት በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቦታው የወረቀት መጋዘን ነበር፤ መደርደሪያዎቹ ሲነሱ ረጅም ባዶ አዳራሽ ሆኖ ቀረ። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው። ጎሎቹ በሁለቱ ጫፍ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተሥለዋል። መስኮቶቹ በወንፊት ሽቦ ተሸፍነዋል። ኳሳቸው ግን ተራ የሜዳ ኳስ ነበር፤ ትልቅ፣ በፓምፕ እስኪወጠር የተነፋ። ሣር ላይ ቢሆን ምንም አይወጣለትም። ሲሚንቶ ላይ ግን እንደ ፌንጣ ይዘላል። አንዴ ኮርኒሱን መትቶ አምፖል አውርዷል። ሁለቴ የማሽኒስቱን አፍንጫ አድምቷል። ማሽኒስቱ የቡድኑ አምበል ነው፤ ጆሮው በማተሚያ ማሽን ጩኸት ስለደነዘዘ ሰው አጠገቡ ቆሞም ጮሆ ነው የሚያወራው።

አንድ ቅዳሜ በጣም ሞቃቸውና በሩን ከፍተው ተጫወቱ። ኳሱ ነጥሮ ወጣና ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ለበሩ የሚቀርበው በረኛው ግድግዳ ነበርና ሊያመጣው ተከተለ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ኳሱ አንዲት ሴት ብብት ውስጥ ሆኖ አገኘው። ሴትየዋ በቤት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አምልጦን ነው» አላት።

«የእናንተ ነው?»

«አዎ፣ የእኛ ነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚመስል ለማየት ስመኝ ነበር» አለችና ኳሱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቤቷ ገባች፤ በሩንም ዘጋች። ኳሱም አብሯት ገባ።

ግድግዳ ጥቂት ቆሞ በሩን ሲያይ ቆየና ባዶ እጁን ተመለሰ።

የሴትየዋን ማንነት የነገራቸው የሕንፃው ጥበቃ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። ሌሊት ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ቀን ትተኛለች፤ ወይም ልትተኛ ትሞክራለች። ለሕንፃው ባለቤት ሦስት ጊዜ አመልክታለች። ባለቤቱም በመጨረሻ ቁርጡን ተናግሯል፤ ከሴትየዋ ጋር ከተስማሙ ይጫወቱ፣ ካልተስማሙ አዳራሹን ዕቃ ለሚያስቀምጥ ሰው ያከራየዋል።

«አንተ ሂድና ለምናት» አለ ማሽኒስቱ።

«ለምን እኔ?»

«ሽበት ያለህ አንተ ብቻ ነህ። እኔ ደግሞ ሳናግራት እጮህባታለሁ።»

ይህ እውነት ስለሆነ ግድግዳ ሄደ። እሑድ አመሻሹ ላይ፣ ሥራ ሳትገባ በፊት በሯን አንኳኳ። ሊጣላ እንደሄደ ሰው ልቡን አጠንክሮ ነበር። እሷ ግን ወንበር ሰጠችው፤ ኳሱንም ከአልጋው ሥር አውጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

«ኳሱን ይውሰዱት። እኔ የሰው ዕቃ ምን ያደርግልኛል» አለችው። «መጫወታችሁንም አልተቃወምኩም። ሰው ሲሮጥ ይሰማኛል፤ እሱ እንደ ዝናብ ነው፣ እንዲያውም ያስተኛኛል። ስትመቱትም ይሁን፤ አንዴ ድም ይላል፣ ያልፋል። እኔን የሚጨርሰኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ድም። ድም። ድም፣ ድም፣ ድምድምድም። አሁን አለቀ ስል ሌላው ይቀጥላል። ጋደም ብዬ ማለቂያውን ስጠብቅ እንቅልፌ ይሄዳል።»

«ገባኝ» አላት።

«ትናንት ሌሊት ሦስት እናቶች አዋልጃለሁ። አንዷ ደሟ አልቆም ብሎ ቆሜ ነው ያነጋሁት። ይሄ እጅ እንቅልፍ ካጣ...» አለችና ተወችው።

ግድግዳ እጇን አየ። ጥፍሩ አጭር፣ መዳፉ ሰፊ፣ ቆዳው በመታጠብ ብዛት የነጣ ነው። እሱም በእጁ የሚተዳደር ሰው ስለሆነ ቀሪውን ሳትነግረው ተረዳው። ኳሱን ይዞ ሲወጣ አንድ ነገር በጭንቅላቱ ይመላለስ ነበር። ችግሩ ምቱ አይደለም፣ ንጥረቱ ነው። ታዲያ የማይነጥር ኳስ ይኖር ይሆን?

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ ስፖርት ዕቃ ሱቅ ጎራ አለ። ባለሱቁ ድሮ ተጫዋች የነበረ፣ አሁን አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው ነው። ኳስ ከማሳየቱ በፊት «ወለላችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሲሚንቶ መሆኑን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ሦስት ዓመት በሜዳ ኳስ ሲሚንቶ ላይ? ጣትዎ አለመሰበሩ ነው የሚገርመኝ።»

«ሁለቱ ተሰብረዋል» አለ ግድግዳ።

ባለሱቁ ሦስት ኳስ አወረደ። የመጀመሪያው ፊቱ በወፍራም ፀጉራም ጨርቅ የተሸፈነ ነው። ሁለተኛው ደብዛዛ፣ ጌጥ የሌለው፣ ከሜዳው ኳስ አነስ ያለ፣ ሲይዙት ግን ከበድ የሚል ነው። ሦስተኛው በወርቃማ ቀለም ያብለጨልጫል፤ «ለአዳራሽ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ባለሱቁ ደብዛዛውን ከግንባሩ ትይዩ ለቀቀው። ኳሱ ወለሉን መትቶ ጉልበቱ ድረስ ብቻ ተነሣ፤ ሁለቴ ዘለል አለና ተቀመጠ። ግድግዳ እንዲህ ያለ ኳስ አይቶ አያውቅም። የደከመው ኳስ ነው የመሰለው።

«ተንፍሷል እንዴ?»

«አልተነፈሰም፣ ይጫኑት። የውስጥ ጎማው፣ ከመነዳሪው ነው የተለየው፤ ውስጡ የንጥረቱን ጉልበት የሚውጥ ነገር አለበት። ኳሱ እግር ሥር ይቆያል፤ አዳራሽ ውስጥ የሚፈለገው እሱ ነው።»

ግድግዳ አሰበበት። ከዚያ የሚሰማውን ሰው ሳያማክር መግዛት እንደማይችል ለባለሱቁ ነገረው። ባለሱቁ ከዚህ በፊት እንደዚህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም፤ ግን መታወቂያውን ይዞ ሦስቱንም እስከ ቅዳሜ ማታ ሰጠው።

ሙከራው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሆነ። ማሽኒስቱና ሦስት የቡድኑ ልጆች ወደ ላይ ወጡ። ግድግዳ ሲስተር ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። በመጀመሪያ ለማነጻጸሪያ አሮጌውን ኳስ አስመቱት። ግድግዳ በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከታች ሆኖ ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር። ኮርኒሱ ተርገፈገፈ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማንኪያ ከብርጭቆው ጋር ተንጫጫ። ኳሱ ሲነጥር፣ ሲነጥር፣ ሲነጥር ቆየ። ግድግዳ አንገቱን ደፋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው ሲስተር ዓይኗን ሳትገልጥ። «በዚያ ማዕዘን በኩል አንድ ከባድ ነገር አለ። እየቆየ እየቆየ ይወድቃል። ጆንያ ይሁን ቁም ሣጥን እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«እኔ ነኝ» አለ ግድግዳ።

ዓይኗን ገለጠች።

«በረኛ ነኝ። ኳስ ለመያዝ ስወረወር ነው።»

«ታዲያ ይይዙታል?»

«አንዳንዴ።»

ሲስተር ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። ባለጨርቁ ኳስ ሲመታ የተሰማው ትራስ የወደቀ ያህል ነበር፤ «ይሄ ነው፣ ሌላ አታስመቱ» አለች ሲስተር ወዲያው። ደብዛዛው ድም ብሎ ዝም አለ። ወርቃማው ድም ካለ በኋላ አራት አምስቴ ተከታተለ፤ ከአሮጌው ግን ይሻላል።

ግድግዳ ደስ ብሎት ወደ ላይ ወጣ። ላይ ግን ሌላ ጣጣ ጠበቀው። ልጆቹ ባለጨርቁን ጠልተውታል። አንድ ዙር ሳይጫወቱበት የወለሉን አቧራ ሁሉ ለብሶ ግራጫ ሆኗል፤ ሲመቱትም አይንሸራተትም፣ ይጎተታል።

«ድመት የምመታ ነው የመሰለኝ፤ ነፍሴ አልፈቀደውም» አለ ማሽኒስቱ። «ወርቃማው ይሁንልን። ኳስ ኳስ ይላል፤ ደግሞም ለአዳራሽ ተብሎ ተጽፎበታል።»

ግድግዳ መሐል ቤት ተንጠለጠለ። ባለጨርቁ ሲሚንቶ ላይ ብዙ እንደማይቆይ ያውቃል፤ ጨርቅና ሙጫ እንዴት እንደሚለያዩ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል። በሌላ በኩል ሴትየዋ መርጣለች። ወርዶ እውነቱን ነገራት፤ ኳሱ በወሩ እንደሚላጥ፣ ልጆቹም እንዳልወደዱት። ትቆጣለች ብሎ ነበር። ሲስተር ግን ነጠላ ጫማዋን አደረገች።

«እስቲ ልያቸው» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ልጆቹ ኳሱን አቁመው ቦታ ለቀቁላት። ማሽኒስቱ እንኳ ድምፁን ቀነሰ። ወርቃማውን ኳስ አንሥታ ሆዷ ላይ አስደገፈችና በሁለት መዳፏ ያዘችው። ጣቶቿን ቀስ እያደረገች ዙሪያውን አስኬደች፤ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይሄ ጠማማ ነው።»

«ምኑ?» አለ ማሽኒስቱ።

«እዚህ ስፌቱ ጋ አብጧል። በዓይን አይታይም፤ ይዳስሱት።»

ማሽኒስቱ ዳሰሰው፤ ምንም አልተሰማውም። ግድግዳ ወረቀት የሚያጥፍባቸውን ጣቶቹን ሲያስኬድ ግን አገኘው፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል እብጠት። ኳሱን ቀስ ብሎ ወደ ተቃራኒው ጎል አንከባለለው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ ሄደና ፍጥነቱ ሲበርድ ወደ ግራ ታጠፈ። ደግሞ አንከባለለው፤ ደግሞ ታጠፈ። ከዚያ በኋላ ስለ ወርቃማው ኳስ ያወራ ሰው አልነበረም።

ሲስተር ደብዛዛውን አንሥታ እንዲሁ ዳሰሰችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው፤ ጉልበቷ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ።

«ይሄ ጤነኛ ነው» አለች። «አየሩን ትንሽ ብትቀንሱለት ግን እተኛለሁ።»

ደብዛዛውን ገዙት። ባለሱቁ ከታዘዘው አየር በታች እንዳይወርድ አስጠንቅቆት ስለነበር ግድግዳ እስከዚያው ጠርዝ ድረስ ብቻ ቀነሰው። ሲስተርም ሁለት ቃል አስገባቻቸው፤ ከስምንት ሰዓት በፊት እንዳይጀምሩ፣ ጨዋታ ሲቆም ደግሞ ኳሱን ዝም ብለው እንዳያነጥሩ። ግድግዳ በራሱ ፈቃድ ሦስተኛ ጨመረ። ከጥረዛ ክፍሉ የተረፈ ካርቶን ደራርቦ፣ በወፍራም ክር ሰፍቶ፣ ጎሉ ፊት አነጠፈው። ቁም ሣጥኑ ከዚያ ወዲህ የሚወድቀው ካርቶን ላይ ሆነ።

አዲሱ ኳስ ግን ግድግዳን አላከበረውም። ዕድሜውን ሙሉ የለመደው ኳስ ነጥሮ ደረቱ ጋ እስኪመጣለት መጠበቅ ነው። ይሄኛው አይነሣም፤ መሬት ለመሬት፣ ቀጥ ብሎ፣ በፍጥነት ይመጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ ጎል ገባበት። በሁለተኛው ሰባት።

«ግድግዳውን አፍርሰን ከመሠረቱ ብንሠራው ይሻላል» አለ ማሽኒስቱ። ሌላው ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጓንቱን ጠቅልሎ ሳይሰናበታቸው ወጣ። ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ፊቱን አይታ «ምነው?» አለችው።

«አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ» አለችው። «ኳሱ ምን ሆነ ነው የምልህ።»

ነገራት። ሰምታው ስታበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ኳሱ የማይነሣ ከሆነ እሱ ለምን በእጁ ይጠብቃል? እሷ ኳስ ተጫውታ አታውቅም። እሱ ግን ሌሊቱን ሲያስበው አደረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጎሉ ላይ ተለጥፎ መቆሙን ተወ። ወደፊት ወጥቶ በእግሩ መዝጋት፣ በውስጥ እግሩ ማቆም፣ ወዲያው ማቀበል ጀመረ። ጉልበቱን አመመው፤ ጣቶቹ ግን ማበጥ ተዉ። ሰባቱ ጎል አምስት ሆነ፣ አምስቱ ሦስት። ማሽኒስቱም ኳሱን ለምዶት በአንድ ንክኪ ማቀበል ያዘ፤ ድሮ አየር ላይ ሲያሳድዱት የሚባክነው ጊዜ ሁሉ ለጨዋታ ተረፈ።

በአራተኛው ወር የፖስታ ቤት ሠራተኞች ሊገጥሟቸው መጡ። የራሳቸውን ኳስ ይዘው ነበር፤ አምበላቸው ገና በሩ ላይ ሊያነጥረው እጁን ሲያነሣ ግድግዳ ያዘው።

«እዚህ በእኛ ኳስ ነው የምንጫወተው» አለው።

«ለምን? የእኛ ምን አለው?»

«ታች ሰው ተኝቷል።»

ሰውዬው ቀልድ መስሎት አየው። ዘጠኙም የማተሚያ ቤት ሰዎች ፊታቸው ላይ ሳቅ እንደሌለ ሲያይ ኳሱን ከረጢቱ ውስጥ መለሰ። ጨዋታው ጥሩ ነበር። እንግዶቹ መጀመሪያ ላይ ኳሱ ግራ አጋባቸው፤ ከዚያ ለመዱትና ሁለት አገቡ። ማሽኒስቱ ሁለት መለሰ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንድ ቀጭን ፖስተኛ ብቻውን ሲመጣ ግድግዳ ወጥቶ እግሩን ዘረጋ፤ ኳሱ ቁርጭምጭሚቱን መትቶ ወደ ጎን ሄደ። ሕመሙ እስከ ዳሌው ተሰማው። ማንም አላጨበጨበም፤ ማሽኒስቱ ብቻ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ሲያልቅ ኳሱን በመረብ ከረጢቱ አንጠልጥሎ፣ እያነከሰ ደረጃውን ወረደ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲስተር የሥራ ቦርሳዋን ይዛ በሯን ስትቆልፍ አገኛት። ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነው።

«አሸነፋችሁ?» አለችው።

«አቻ ወጣን፤ ሁለት ለሁለት።»

«እግርዎ ምን ሆነ?»

«ኳስ ያዝኩበት።»

ቦርሳዋን አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቱን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። አልተሰበረም፤ በረዶ ያድርጉበት አለችው። ከዚያ ከእሱ ጋር ቀስ እያለች፣ አንድ አንድ ደረጃ፣ እስከ ታችኛው በር ወረደች። እሷ ወደ ሆስፒታሉ፣ እሱ ወደ ቤቱ ሄዱ።