የሞተች ላም ትእዛዝ

በዚያ ቤት እንቅልፍ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ምራቲቱ። ሌሎቹ፣ ሉካንዳ ያላት አሮጊት፣ ወንድ ልጇና ሴት ልጇ፣ ደህና እንቅልፍ ካዩ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። እኩለ ቀን ላይ ምሳ ሊበሉ ሲቀመጡ የሦስቱም ዓይን ተበልጥጦ ይቀራል። ብርድ ነው፤ መስኮቱ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ያልባቸዋላ! ይበላሉ፣ ይበላሉ፣ ይከሳሉ። ድመቷ እንኳ ከእነሱ ሳህን እየበላች አጥንቷ ወጥቶ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች እንጂ ስትቀመጥ ያየ የለም።

አሮጊቷ አርባ ዓመት ቢላዋ የጨበጠች ሴት ናት፤ በቀላሉ የምትሸወድ አይደለችም። የልጇ የአንገት ደም ሥር ኮሌታውን እየገፋ ሲዘል ታያለች፤ ከውስጥ ሰው የሚያንኳኳ ይመስላል። ምራቲቱ ግን ጉንጯ ሞልቶ፣ ትንፋሿ ረግቶ ታዛጋለች። ማዛጋቷ አሮጊቷን አንጨረጨራት።

"አንቺ፣ የኛን እንቅልፍ የት ወስደሽው ነው የምታዛጊው?"

"እማማ፣ እኔ ምን አውቄ?"

"ታዲያ ሥጋችንን ለምን አትበዪም? የጨመርሽበትን ስለምታውቂ አይደል?"

"ሥጋ ከልጅነቴ አይስማማኝም። ልጅዎ ሲያገባኝም ያውቁ ነበር።"

"እማዬ፣ ተያት በቃ" አለ ልጁ። ማንኪያው እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሳህኑን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

"አንተ ዝም በል! ልብህ ልትፈነዳ ደርሳ ጠበቃ ትቆምላታለህ? ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ!"

ምራቲቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ልጁ ሊከተላት ተነሣና ደረጃው ላይ ጉልበቱ ከዳው።

አሮጊቷ ምራቲቱ ከወጣች እንቅልፉ ይመለሳል ብላ ነበር። የት አባቱ! ይባስ ብሎ የልጇ ልብ መደናቀፍ ጀመረች፤ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ትዘላለች።

በዚያው ሳምንት ሥጋ የሚመረምረው የከብት ሐኪም ሉካንዳው ገባ።

"እማማ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ጣትዎን እንዳይቆርጡ።"

"አንተ ሳትወለድ ነው መቁረጥ የጀመርኩት። ሥራህን ሥራ።"

ሐኪሙ ከመፍጫው አጠገብ ባለው ሳህን ውስጥ ጠቆር ያለ ቀይ ነገር አየ። "ይሄ ምንድነው?"

"የጉሮሮ ላይ ሥጋ ነዋ። ባሌ በሕይወቱ ሳለ እየቆረጠ ይጥለው ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቀው 'አባቴም ይጥል ነበር' አለኝ። ይሄ መልስ ነው? ከሦስት ወር በፊት እሱ ከሞተ ወዲህ አልጥልም። ለደንበኛ አላቀርበውም፣ ለቤቴ እፈጨዋለሁ።"

ሐኪሙ ኮፍያውን አወለቀ።

"እማማ፣ ሥጋ አይደለም፤ ዕጢ ነው። በእርስዎም አንገት ላይ አለ። ሆርሞን የሚባል ነገር በደም ይልካል፤ ልብን ፍጠኚ፣ ገላን ንደድ እያለ ያዛል። ሲበዛ ደግሞ አንጎል ሥር ያለ ሌላ ዕጢ ያስቆመዋል። የእናንተው ዕጢ ቁም ተብሎ ቆሟል። የላሟን ግን ማን ያስቁመው?"

"ላሟማ ሞታለች!"

"ትእዛዙ መሞቷን አያውቅም። ብታበስሉትም አይጠፋም።"

አሮጊቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አሳረፈች። ከሥሩ ይመታል፤ በማን ትእዛዝ እንደሚመታ ግን አሁን ገባት።

ልጇን ያኔውኑ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ልቡን የሚያረጋ ክኒን ሰጡት፤ የላሟ ሆርሞን ከደም እስኪወጣ ግን ሳምንታት ይፈጃል አሏት። እሷ ልጇን ቤት አድርሳ በቀጥታ ወደ ምራቷ እህት ቤት ሄዳ በሩን መታች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ይህን ቃል ለማንም ብላው አታውቅም፤ ስትለው አጥንት እንደነከሰ ሰው ፊቷ ተጨማደደ። "ያበላኋቸው እኔ ነኝ፤ የጉሮሮ ዕጢ። አንቺ ምንም የለሽበትም። ነይ፣ ቤትሽ ግቢ።"

ምራቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ያንን የማይርገበገብ ዓይን አየችው። እጇን ከበሩ አላነሣችም።

"መጀመሪያ ሦስታችሁም ተኙ፣ እማማ። እንደዚህ እያያችሁኝ አልገባም።"

አሮጊቷ ዞራ ወደ ቤቷ ገሠገሠች።

ቤት ስትደርስ ገና ቀን ነው። መጋረጃውን ሳበች፣ ልጆቿን ግራና ቀኝ አስተኛች፣ እሷም መሐላቸው ጋደም አለች።

"በሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ።"

"ጨፍነናል እኮ፣ እማዬ" አሉ ሁለቱም።

ቀና ብላ አየቻቸው። አራቱም ዓይኖች ጣሪያው ላይ ፈጠዋል።