ሌመን የምትባል ሴት

እማማ ሎሚ «የሃሪ ሚስት ነበርኩ» ባሉ ቁጥር የየካ ሰው ይስቅባቸዋል። «የእንግሊዙ ገረድ» ነው የሚላቸው፤ አርባ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታክተው። ሃሪ የአንድ ፈረንጅ ቆዳ ነጋዴ ድርጅት በቅሎ ጠባቂ ነበር። የኅዳር በሽታ ሲገድለው እማማ እርጉዝ ነበሩ፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልተረፈላቸውም።

ዘንድሮ፣ በ1955፣ አልጋ ያዙ። የልጅ ልጃቸውን ሸዋረጋን ጠርተው «ሳልሞት እውነቴን አውጪልኝ» አሏት። ሸዋረጋ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ አንዴ ከያዘች ደግሞ የምትለቅ ሴት አይደለችም።

ድርጅቱ እስከ ዛሬ ፒያሳ ቢሮ አለው። መዝገብ ቤቱን የያዙት አቶ አካሉ የሃሪን የቤተሰብ ስም ጠየቋት፤ አታውቅም። እንግዲያው አይገኝም ብለው ሸኟት። በሳምንቱ ተመለሰች። በሌላው ሳምንትም መጣች። በስተመጨረሻ ታክቷቸው ወንበር ሰጧትና ራሷ እንድትፈልግ ፈቀዱላት።

የኅዳር በሽታ በ1911 ነው፤ የ1911ን መዝገብ አወጣች። እውነትም አንድ ሃሪ አለ! ሃሪ ፔል፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ዕድሜው ሃያ ሰባት፣ በቅሎ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ ይላል። ጉድ እኮ ነው፤ በሞተበት ዓመት ገና መቀጠሩ ነው፤ ይሄማ የእማማ ሃሪ ሊሆን አይችልም። ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ እንደደረሰች ግን ግንባሯን በመዳፏ መታች። የፈረንጅ አቆጣጠር ነዋ! አስተማሪ ተብዬ፣ ብላ ራሷን እየሰደበች ተመለሰችና የ1918ን ጠየቀች።

እዚያ ውስጥ ሃሪ ታሞ ሳለ በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ተጣብቋል። «ኮርቻዬና ሰዓቴ፣ ያለኝም ሁሉ፣ ለሚስቴ ለሌመን ይሰጥ» ይላል። ሸዋረጋ ክው አለች። ሌመን ደግሞ ማን ናት? ለካስ አገሩ ሚስት ነበረችው! እማማን ምን ብላ ልትነግራቸው ነው? ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ከሥሩ ሌላ ሰው የጻፈውን አነበበች፦ «የካ ውስጥ ተፈልጋ ሌመን የምትባል ሴት አልተገኘችም።»

የካ? ፈረንጅ ሚስት የካ ምን ታደርጋለች?

«አቶ አካሉ» አለች ወረቀቱን እያሳየቻቸው፣ «ሌመን እኮ በእንግሊዝኛ ሎሚ ማለት ነው። የእማማን ስም ተርጉሞት ነው።»

ታክሲም አልጠበቀች፤ ግማሹን መንገድ በሩጫ ነው የጨረሰችው። እማማ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሁሉንም ሰሙ።

«ሚስቴ ይላል?»

«ይላል፣ እማማ። በገዛ እጁ ጽፎታል።»

እማማ ፈገግ አሉ። ቀጥላ ሌመን ተፈልጋ አለመገኘቷን ስትነግራቸው ግን ፈገግታቸው ጠፋ።

«ሃሪ እንደሞተ ሦስት ቀን የድርጅቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ሸዋዬ። ማነሽ አሉኝ፤ ሎሚ ነኝ አልኳቸው።»