በሁለተኛ ማርሽ

በለጠ በሦስተኛ ማርሽ እየሄደ ዳገቱ መጣበት። ማርሽ ለመቀነስ በግራ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ምንም አልያዘለትም፤ ፔዳሉ ወደ መሬት ተንጠለጠለ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አንገራግሮ ጠፋ። ሞተር ብስክሌቱ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ፍሬን ይዞ ወረደና ከኋላ የታሰረውን የክትባት ሣጥን በአንድ እጁ ደገፈ።

ጎንበስ ብሎ አየ። ፔዳሉን ከማርሽ ሣጥኑ የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ ወልቋል፤ ቡሎኑም ዳዶውም የሉም። ዘንድሮ ይህ አራተኛው ነው። ሦስት ጊዜ መለዋወጫ እንዲገዛ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፏል፤ ሦስቱንም ጊዜ "ጠበቅ ይደረግ" የሚል መልስ መጣለት። ጠበቅ ተደረገ፣ ወለቀ።

ኮረኮንቹን እየቃኘ ብዙ ርቀት ወደ ኋላ ቢመለስም ዳዶውን አላገኘውም። ዘንጉን በሽቦ አስሮ ተነሣ፤ ሽቦው ሁለተኛው ዳገት ላይ ተበጠሰ። በመጨረሻ ማርሹን በፒንሳ ጠምዝዞ ሁለተኛ ላይ አስገባና ዲክሲስ ድረስ በዚያው ሊሄድ ቆረጠ። ሜዳው ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ቆሞ በተነሣ ቁጥር ፍሪሲዮኑ እየተቃጠለ ይሸታል። የሁለት ሰዓት መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀበት።

የገበሬ ማኅበሩ ሜዳ ላይ ከብቶቹን ከንጋት ጀምሮ አቁሞ ሲጠብቅ የነበረው ሰው ተበትኗል። ሁለት በሬ ይዘው የቀሩት ባላቸው የሞቱባቸው ሀሊሜ ብቻ ነበሩ። በለጠ ሣጥኑን ሲከፍት በረዶው ለብ ያለ ውሃ ሆኗል። ከብት የሚፈጀው የደስታ በሽታ ክትባት ደግሞ አንዴ ከሞቀ አያድንም።

"ዶክተር፣ የእኔን ሁለቱን እንኳ ውጋልኝ" አሉት ሀሊሜ።

"አዴ ሀሊሜ፣ መድኃኒቱ ሞቋል። ብወጋቸው ውሃ መውጋት ነው።"

"ማን ያያል? ውጋቸውና ልቤ ይረፍ።"

"ልብዎ ካረፈ ከሌላው ከብት ጋር ያሰማሯቸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

በሽታው ማዶ ካለው ቀበሌ ደርሷል። እሱ አዲስ መድኃኒት ይዞ በአምስት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ በሬዎቹን ደጅ አስረው ውሃ እየቀዱ እንዲያጠጧቸው ነገራቸው። እሳቸውም ባትመለስስ ብለው ጠየቁት። በለጠ ሣጥኑን ዘግቶ መልሶ ሞተሩ ላይ አሰረው።

በዚያው ማርሽ ተመልሶ አሰላ የገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቢሮ ከመድረሱ በፊት ገበያው አጠገብ ጋራዥ ላለው ለገብረኪዳን ሞተሩን አሳየው። ገብረኪዳን ዘንጉን በሁለት ጣቱ ይዞ ነቀነቀው።

"ማጥበቁ ብቻውን ዋጋ የለውም" አለ። "መጋጠሚያው ተበልቷል። ሲንቀጠቀጥ ዳዶውን ራሱ ይፈታዋል። መጋጠሚያው ይቀየር፣ ከዳዶው ሥር ሮንዴላ ይግባ፣ ግራሶ ይቀባ። ከዚያ በየሳምንቱ ላልቶ እንደሆነ በቁልፍ መነካት አለበት። ሌላ ጥበብ የለውም።"

መጋጠሚያው አዲስ አበባ እንጂ አሰላ አይገኝም። ለጊዜው አንድ አሮጌ ቡሎን አሰረለት፤ ከከተማ እንዳይወጣበትም አስጠነቀቀው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሣህሌ ግን ቡሎኑን አይቶ ደስ አለው። አንዱ መድኃኒት በመሞቁ ሌላው ፕሮግራም እንደማይታጠፍ፣ ነገ ጠዋት አፀደ በዚሁ ሞተር ለክትባት ጢቾ እንደምትሄድ ተናገረ። አፀደ ሥራ ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም፤ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

"መጋጠሚያው አልቋል ጓድ" አለ በለጠ።

"ሽቦ ይጨመርበት። ፕሮግራሙ ከአውራጃ የወረደ ነው።"

"ቁልቁለት ላይ ቢወልቅ ምን አደርጋለሁ?" አለች አፀደ።

ሣህሌ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ። በለጠ ወደ ግቢው ወጣ። ቁልፍ አወጣና ፔዳሉን ከነዘንጉ ፈትቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

አፀደ ተከትላው ወጥታ፣ ነገ ሣህሌ ሲፈልግህ ምን ልበል ብላ ጠየቀችው።

"መጋጠሚያ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዷል በይው" አላትና ትኬት ለመቁረጥ ወደ መናኸሪያው አመራ።