ከድልድዩ በላይ ያለው መንገድ

የመንግሥት አውቶቡስ ጣቢያ ተዘግቶ አውቶቡሶቹ በጨረታ ከተሸጡ በኋላ፣ ከእኛ ሸለቆ ወደ ከተማ የሚያመላልሰን ቶክቶሱን የሚባል ባለ ሚኒባስ ብቻ ነበር። ቶክቶሱን ሰዓት ያከብራል፣ መኪናው ንጹሕ ነው፣ የአሮጊቶችን ጆንያ ራሱ ጣሪያ ላይ ይጭናል። ችግሩ የበረዶው ወራት ነበር። ያኔ ላይኛው መንደር ድረስ የሚወጡት ሁለት ሦስት ሰዎች ስለሆኑ የሚከፍሉት የነዳጁን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። አንድ ኅዳር ላይ በእኛና በላይኛው መንደር መካከል ካለው ድልድይ በላይ እንደማይወጣ ተናገረ። የላይኞቹ እስከ ድልድዩ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በእግር ይወርዱ ጀመር።

የላይኛው መንደር አዋላጅ ቡርማካን ቢሮ ገብታ መልስ ሳትይዝ የማትወጣ ሴት ናት። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ትልቅ ቢጫ አውቶቡስ አስመደበች። ዋጋው ቶክቶሱን ከሚያስከፍለው ግማሹ ነበር። እኛ የታችኞቹም እሱን ትተን አውቶቡሱ ላይ ተሳፈርን። ቶክቶሱን ጥቂት ሳምንት ባዶውን ተመላልሶ ወደ ሌላ መስመር ሄደ።

የአውቶቡሱ ሹፌር ግን ሰው ኖረም አልኖረም ደመወዙ ያው ስለሆነ፣ ሲያሻው ቀድሞ ይነሳል፣ ሲያሻው ይቀራል። ጥር ላይ የሞተሩ ቺንጊያ ተበጠሰ። ቶክቶሱን ቢሆን በግማሽ ቀን የሚቀይረው ዕቃ፣ የግዢ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሦስት ሳምንት ፈጀ።

በሁለተኛው ሳምንት ጂልዲዝ የምትባል የላይኛው መንደር ወጣት ምጥ ያዛት። ቡርማካን ልጁ በእግሩ እየመጣ መሆኑን ስታውቅ፣ ፈረስ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ጭናት ወደ ከተማው ሆስፒታል ቁልቁል ወረደች። ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ እዚያው በረዶው ላይ አዋለደቻት። እናትም ልጅም ተረፉ፤ የጂልዲዝን ሁለት የእግር ጣቶች ግን ብርዱ በላቸው።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳው የመጣው ሰው ዕቃው የዘገየበትን ምክንያት ረጅም ጊዜ አስረዳ። ቡርማካን አስጨርሳው፣ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ በሩ አጠገብ ወደቆመው ቶክቶሱን ዞረች።

"አንተ ብትኖር ኖሮ ትወጣ ነበር?"

"አልወጣም ነበር፣ ኤጄ" አለ፤ ታላቅ እኅቴ ማለቱ ነው። "ልዋሽዎት አልችልም። ሁለት ሰው ይዤ ስመላለስ የሚጎዱት ልጆቼ ናቸው።"

"ነዳጁን ሌላ ቢችልልህስ?"

"እሱማ ከሆነ በየቀኑ እወጣለሁ።"

"ለአንድ ሰውም?"

"ያ አንድ ሰው እርስዎ ካልሆኑ" አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ግን አለቀቀችውም።

የወረዳው ሰው የመንግሥት ገንዘብ የግለሰብ ኪስ ሊገባ እንደማይችል ተናገረ።

"ቆሞ ለሚበላው ስትከፍሉ ከርማችኋል" አለችው። "አሁን ደግሞ ለሚሄደው ክፈሉ።"

ሁለት ወር ቆይቶ ውል ተፈረመ። በበረዶው ወራት ከድልድዩ በላይ ላለው መንገድ ወረዳው ነዳጁን ይችላል፤ ቶክቶሱን አንድ ሰውም ቢኖር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ዋጋ አይጨምርም። ቡርማካን ላልፈረመችበት ጉዞ ወረዳው አይከፍልም። ቢጫው አውቶቡስ ለተማሪዎች ተሰጠ።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በመጀመሪያው ዓመት ወረዳው ክፍያ አዘግይቶ ቶክቶሱን ሊያቆም ነበር። በሁለተኛው እሱ ሁለት ቀን ቀርቶ ቡርማካን አልፈርምም አለች፤ ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ። ያም ሆኖ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው፤ መኪናውም ይወጣል። ባለፈው የካቲት አንድ ሽማግሌ ከበጋቸው ጋር ብቻቸውን ተሳፈሩ። ቶክቶሱን የበጉንም ሂሳብ ቢጠይቃቸው፣ "የእሱን ከመንግሥት ተቀበል" አሉት።