መዥገር ያልያዘው ጨርቅ

ልጅቷ ለምርምሯ መዥገር ልትይዝ ዱላ ላይ ያሰረችውን ነጭ ጨርቅ ሣሩ ላይ ጎትታ ገለበጠችው። ባዶ ነው። እጥፋቱን ሁሉ ፈተሸች፤ አንድም የለም።

"ባለፈው ሳምንት ይኼ ቁጥቋጦ መዥገር ብቻ ነበር እኮ" አለች ግራ ገብቷት።

"ሄደዋላ" አሉ የመናፈሻው ኃላፊ። "ባዶ ነው በይልኝና ነገ ሜዳውን ለልጆች ልክፈተው። ወላጆች ስልኬን ዕረፍት ነስተውታል።"

እናቷ የምሳ ዕቃ ይዛ አጥሩ ሥር ቆማለች። ምሳው ሰበብ ነው፤ የመጣችው ልጇ ካልሲዋን ከሱሪዋ በላይ መሳቧን ልታይ ነው። መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የሚባል በሽታ መኖሩን ከሰማች ወዲህ የወፍ እንቅልፍ ነው የምትተኛው። አንድ ቀን የልጇ አንገት ላይ ቀይ ምልክት አይታ ሐኪም ቤት ድረስ አስሮጣታለች፤ የሐብል ፍትጊያ ሆኖ ተገኘ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ትላለች ሁልጊዜ። ትናንትም ይህንኑ ጨርቅ ስታጥብ የውሻውን የመዥገር መድኃኒት ውኃው ውስጥ ጨምራ ዘፍዝፋዋለች፤ ልጇን የሚጠጋ እንዳይኖር ብላ።

አሁን ገባት። የምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ወደ ልጇ ሮጠች።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"ጨርቁን መድኃኒት ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። የውሻውን።"

ልጅቷ ጨርቁን አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። "እኔ የምፈልገው በሕይወት ያሉትን ነው፣ እማዬ። መዥገር በሽታውን ይዞ አይፈለፈልም፤ ከአይጥ ደም ይቀዳዋል፣ ቀጥሎ ለነከሰው ሰው ያወርሳል። ካልያዝኳቸው በሽታው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በምን ልወቅ?"

"ትንሽ መድኃኒት ምን ያደርጋል ብለው ነው፣ እናቴ?" አሉ ኃላፊው። "ደግሞ ሌላ ጨርቅ የላትም። ባዶ ይባልና እንገላገል።"

"አይባልም" አለች እናቷ።

"ምን አሉኝ?"

"አይባልም አልኩ። የራሴን ልጅ አድናለሁ ብዬ የሰው ልጅ አላስነክስም።"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ መዥገር ሲባል የሚንቀጠቀጡት? ልጅዎ ነግራኛለች።"

"እንቀጠቀጣለሁ። ማን አልንቀጠቀጥም አለ?"

ነጭ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ የመጎተቻው ዱላ ላይ በጨርቁ ፋንታ አሰረችው። ጎንበስ ብላ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ሳበች።

"አምጪው፣ እኔ ልጎትት" አለች ልጅቷ።

"አንቺ መዥገር የምትከቺበትን ጠርሙስ ያዢ። ምሳሽም ይቀዘቅዛል።"

ሣሩ ውስጥ ገባች። ቁጥቋጦውን ዞራ ስትመለስ ሻርፑን ገለበጠችው። ጠርዙ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ነገር እግሮቿን ታንቀሳቅሳለች። እናትየው ፊቷን አዞረች፤ ዱላውን ግን አልለቀቀችም።

"ቀረብ ብለው ይዩልኝ፣ ኃላፊ። ባዶ ነው ያሉት ይኼ ነው።"

ኃላፊው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ልጅቷ በመቆንጠጫ አንስታ ጠርሙሱ ውስጥ ከተተቻት።

"ይበቃል፣ እማዬ። አንዷ ካለች ሜዳው አይከፈትም።"

"አንድ ብቻ ናት ይሉሻል ነገ" አለች እናቷ፤ ሻርፑን አራግፋ ተመልሳ ወደ ሣሩ ገባች።